ጉልበቴን ለማን አደራ ልስጥ?

ደብረ ብርሃን ላይ ስፖርት ለመሥራት የወሰነ ሰው መጀመሪያ የሚታገለው ከብርዱ ጋር ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ከኅዳር እስከ ጥር ሜዳው ውርጭ ለብሶ የሚያድርባቸው ሌሊቶች አሉ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከሞቀ መኝታ ተነስቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ፣ በዚያ አንጀት በሚበጣ ንፋስ ውስጥ ማለፍ ትልቅ ውሳኔ ይጠይቃል። አንዲት ሴት ይህን ሁሉ አልፋ በሙዚቃ እየጨፈሩ ስፖርት ከሚሠራበት አዳራሽ በር ስትደርስ፣ ውስጥ የሚጠብቃት አሰልጣኝ ማን እንደሆነና ምን እንደሚያውቅ የመጠየቅ ሙሉ መብት አላት። በከተማችን ይህን የሚጠይቅ ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳስበኛል።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን የማሳልፈው ወንበር ላይ ነው፤ ዕድሜዬም ከአርባ አልፏል። የደም ግፊቴ ወደ ላይ ማዘንበል ሲጀምር ሐኪሙ እንቅስቃሴ አዘዘልኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። በሳምንት ሦስት ቀን ሃምሳ ሃምሳ ደቂቃ ብሠራ ዝቅተኛውን እደርሳለሁ ማለት ነው። ግን ምን ልሥራ? ሩጫ አልወድም። በመሮጫ ማሽን ላይ ግድግዳ እያዩ መርገጥም ለእኔ አልሆነም። ጭፈራ ግን እወዳለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ነው። በልጅነቴ ያየኋቸው ሠርጎች አሁንም ዓይኔ ላይ አሉ። ከበሮው ከተመታበት ሰዓት ጀምሮ ዶሮ እስኪጮህ ድረስ ከክቡ የማይወጡ አክስቶች ነበሩኝ። ማግስቱን ደግሞ ውኃ ቀድተው፣ እንጀራ ጋግረው፣ እንግዳ ሸኝተው ይውላሉ። ያን ጉልበት ማንም ስፖርት ብሎ አልጠራላቸውም። በኋላ ሳነብ ያገኘሁት አንድ ታሪክ እነሱን አስታወሰኝ። ኬኔት ኩፐር የተባለ የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሰውነት ኦክስጅንን የመጠቀም አቅሙን የሚገምት የ12 ደቂቃ የሩጫ ፈተና አዘጋጅቶ ነበር። ጃኪ ሶረንሰን የተባለች ዳንሰኛ ፈተናውን ስትወስድ የዓመታት ዳንሷ ልቧንና ሳንባዋን እንዳጠነከረላት ተረዳችና እ.ኤ.አ. በ1969 ኤሮቢክ ዳንስ የሚባለውን፣ ልብንና ሳንባን በጭፈራ የሚያጠነክረውን ስፖርት ጀመረች። አክስቶቼ ያን የኩፐርን ፈተና ቢወስዱ ኖሮ ብዙዎችን ያስደንቁ ነበር ብዬ አምናለሁ።

«የልጆች እናት ሆነሽ ጂም ውስጥ ልትጨፍሪ ነው?» ያሉኝ አልጠፉም። ሠርግ ላይ ስጨፍር እልል የሚሉልኝ ሰዎች ናቸው ይህን የሚሉት። ለልጅ ሠርግ መጨፈር ክብር ከሆነ፣ ያን ልጅ ለመዳር በጤና ለመቆየት መጨፈር የሚያሳፍርበት ምክንያት አይገባኝም። ባለቤቴን አማከርኩት፤ «ሂጂ» አለኝ። ከዚያ በላይ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ከባዱ አሰልጣኝ መምረጡ ነበር። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ከመኪና ነፃ ቀን ከተጀመረ ወዲህ በየከተማው እሑድ ጠዋት የሚካሄደው ማስ ስፖርት ብዙ ሰው ከቤት አውጥቷል፤ እኔንም ከእንቅስቃሴ ጋር ያስተዋወቀኝ እሱ ነው። ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ወታደር፣ የቢሮ ሠራተኛ በአንድ ላይ እጁን ሲያነሳ ማየት ደስ ይላል። ነገር ግን መድረክ ላይ ማይክሮፎን ይዞ የሚመራው ሰው ያን ሁሉ ሕዝብ ተራ በተራ ሊያይ አይችልም። ጉልበቷ ወደ ውስጥ እየታጠፈ የምትዘል ሴት ብትኖር ማን ያርማታል? ለዚህ ትንሽ ክፍልና የሚያይ ዓይን ያስፈልጋል።

ወደ ጂሞቹ ስሄድ በሮቻቸው ላይ «ዙምባ» የሚል ጽሑፍ በየቦታው አገኘሁ። ዙምባ ከኮሎምቢያዋ ካሊ ከተማ የመጣ ነው። ቤቶ እየተባለ የሚጠራው አልቤርቶ ፔሬዝ፣ ራሱ እንደሚተርከው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አንድ ቀን የኤሮቢክስ ካሴቱን ረስቶ ክፍል ገባና በያዘው የሳልሳና የሜሬንጌ ካሴት አስተማረ። ተማሪዎቹ ወደዱት። እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ሸሪኮቹ ጋር ማያሚ ላይ ኩባንያ አቋቋመ። ዛሬ ስሙ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ሲሆን በዚህ ስም ለማስተማር የኩባንያውን ሥልጠናና ፈቃድ ይጠይቃል። መሠረታዊ ሥልጠናው ግን በቀናት እንጂ በወራት የሚቆጠር አይደለም። እርምጃውንና ሙዚቃውን ያስተምራል፤ የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስድን ሴት እንዴት እንደሚያሠሩ ለማወቅ ከዚያ ያለፈ ትምህርት ያስፈልጋል። በሩ ላይ «ዙምባ» ብሎ የለጠፈ ሁሉ ያንኑ ፈቃድ እንኳ ይዟል ብሎ ማሰብም የዋህነት ነው።

መጀመሪያ በገባሁበት ጂም ያየሁትን ልናገር። አሰልጣኙ ወጣት፣ ደረቱ የሰፋ፣ ሲጨፍር ዓይን የሚስብ ልጅ ነበር። ከፍለን ገባን፤ ስማችንንም ሆነ ዕድሜያችንን የጠየቀን የለም። ማሟሟቂያ ሳይሠራ በቀጥታ ወደ ዝላይ ገባ። ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙሮ ነበር የሚሠራው፤ የሚያየው ደግሞ ራሱን ነው። ሙዚቃው አጠገቤ ያለችውን ሴት ድምፅ እስከማያሰማ ድረስ ጮክ ብሏል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። አንዲት በዕድሜ ገፋ ያሉ እናት ጉልበታቸውን ይዘው ቆሙ። «ካላመመሽ አልሠራሽም!» ብሎ ጮኸ። ሴትየዋ ደግመው ለመዝለል ሞከሩና ወደ ግድግዳው ሄደው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ እዚያ አላየኋቸውም፤ እኔም አልተመለስኩም።

ያ አነጋገር እስካሁን ያናድደኛል። የጡንቻ ድካም አንድ ነገር ነው፤ በማግስቱ ጭንን የሚያስጨንቅ ስሜት ልማድ የሌለው ሰው ሁሉ ያገኘዋል፣ በቀናት ውስጥም ይለቃል። መገጣጠሚያን የሚወጋ ሕመም ግን አቁም የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። የደረት መጨበጥ፣ ማዞር፣ የትንፋሽ ድንገተኛ መቆራረጥ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፤ ሥራውን አስቁሞ ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ሰው ምንም ያህል ቢጨፍር የሰው አካል በአደራ ሊሰጠው አይገባም።

ከዚያ በኋላ የትም ከመመዝገቤ በፊት መጠየቅ ጀመርኩ። ምን ተማርክ? የት? የመጀመሪያ ዕርዳታ ሠልጥነሃል? አንድ ሰው ክፍል ውስጥ ቢወድቅ ምን ታደርጋለህ? አንዳንዱ ቅር አለው። አንዱ «እትዬ፣ ልትጨፍሪ ነው ወይስ ልትፈትኚኝ የመጣሽው?» አለኝ። «ሁለቱንም» አልኩት።

በዚህ ፍለጋ ሁለት ዓይነት ሰዎች አገኘሁ። አንዱ ከኪነት ቡድን የመጣ ነው። እስክስታው ከደሙ የሚፈልቅ፣ ከአንገት እስከ ትከሻ እያንዳንዱን አጥንት ለብቻ የሚያዝ፣ ገና ሲጀምር አዳራሹን የሚያነቃ። ሌላው ከዩኒቨርሲቲ በስፖርት ሳይንስ የተመረቀ ነው። የጡንቻን ስም ከነተግባሩ ያውቃል፣ የልብ ምት ያሰላል፤ ሙዚቃ ሲከፈት ግን እግሩና ከበሮው አይገናኙም። ሰው ሁሉ ወደ መጀመሪያው ይሳባል፤ እኔም ልቤ ወደዚያ ያደላል። ምረጪ ብባል ግን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ምት የማይገባው ምሩቅ ቢበዛ ያሰለቸኛል፤ የሰውነትን ነገር ያልተማረ ጎበዝ ጨፋሪ ግን አካል ሊያጎድለኝ ይችላል። ሁለቱም እውቀት በአንድ ሰው ላይ ሲገኝ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ነገር የለም። የኪነት ልጆች ዕድል እንዲዘጋ አልፈልግም፤ የአካል አሠራርንና የመጀመሪያ ዕርዳታን ቢማሩ የዚህ አገር ምርጥ አሰልጣኞች የሚሆኑት እነሱ ናቸው።

አሁን የምሠራበትን አሰልጣኝ ያገኘሁት ወደ ጠባሴ በኩል ባለ አንድ መለስተኛ አዳራሽ ነው። የስፖርት ሳይንስ ምሩቅ ነው፤ በተማሪነቱም በኪነት ክበብ ውስጥ ጨፍሯል። የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ያሳመነኝ ግን ወረቀቱ ብቻ አልነበረም። ገና ስገባ ወንበር ሰጥቶኝ ደብተር አወጣ። ደረትሽን የሚጨብጥሽ ጊዜ አለ? ራስሽን ስተሽ ወይም አዙሮሽ ያውቃል? የደም ግፊት፣ ስኳር፣ አስም አለብሽ? የምትወስጂው መድኃኒት ምንድን ነው? የአጥንት ወይም የመገጣጠሚያ ችግርስ? ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ፣ በቅርብ ወልደሻል ወይ? በሌላው ዓለም እንዲህ ያሉ ሰባት ጥያቄዎች የያዘ የታወቀ ቅጽ አለ፤ እሱ በአማርኛ አዘጋጅቶ በአፍ ይጠይቃል፣ ምክንያቱም ማንበብ የማይችሉ እናቶችም ይመጣሉ። ከእኔ ቀጥለው የገቡትን አዛውንት «እማማ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደው ግፊትዎን ይለኩና ይምጡ፤ ቦታዎን እይዝልዎታለሁ» አላቸው። ቅር ብሏቸው ወጡ። ተለክተው ሲመለሱ ግን መድኃኒት ተጽፎላቸው ነበር፤ ግፊት እንዳለባቸው ያወቁት ያኔ ነው። ዛሬ ከፊት መስመር ላይ ናቸው።

ስለ ልብ ምትም ያስተማረን እሱ ነው። ልብ በደቂቃ ቢበዛ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ለመገመት የሚታወቀው ቀመር ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ ነው፤ በአርባ አምስት ዓመት 175 ይመጣል። ግን ግምት ነው፣ ከሰው ሰው አሥር ምትና ከዚያም በላይ ይለያያል። እንደ አቴኖሎል ያሉ የግፊት መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ደግሞ ልቡ የቱንም ያህል ቢሠራ ምቱ እንደ ሌላው ሰው ከፍ አይልለትም፤ በቁጥሩ ቢመራ ከአቅሙ በላይ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ አሰልጣኛችን በየመሐሉ ያናግረናል። መናገር እየቻልን መዝፈን ካቃተን መጠነኛ ላይ ነን፤ ከጥቂት ቃል በላይ ማውጣት ካልቻልን ከባድ ላይ ነን። «እትዬ፣ ዛሬ ምን ወጥ ተሠራ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱን ሳይሆን ትንፋሹን ነው የሚያዳምጠው።

ከፍታችንንም ያውቃል። በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሰባ በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ሰው ለምዶታል። እንዲያውም በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ ሰዎች ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢን መጠናቸውና የደማቸው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ጋር የተቀራረበ መሆኑን አሳይቷል። ቆላ የኖረ ሰው ግን ጊዜ ይፈልጋል። ከሸዋ ሮቢት ተዛውራ የመጣች አንዲት መምህርት ክፍላችን ገብታ ነበር። ሸዋ ሮቢት ከመቶ ኪሎ ሜትር ባነሰ መንገድ ላይ ብትሆንም ጣርማ በርን ወርደው የሚደርሱባት፣ ከእኛ ከፍታ ግማሽ እንኳ የማትሞላ ሙቅ አገር ናት። ልጅቷ በመጀመሪያው ዘፈን መሐል ትንፋሽ አጠራት፤ ደካማ ነኝ ብላም ዓይኗ እንባ ሞላ። አሰልጣኛችን ወደ ጎን ወስዶ ምክንያቱን አስረዳት፤ ለጥቂት ሳምንታት ሳትዘል በእርምጃ ብቻ እንድትከተል አደረገ። ለምዳለች፤ አሁን ከብዙዎቻችን ትበልጣለች። ይህን የማያውቅ አሰልጣኝ ያቺን ልጅ በመጀመሪያው ቀን ያባርራት ነበር።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ፤ ሙዚቃው። የኤሮቢክስ ሙዚቃ በስምንት በስምንት ይቆጠራል፤ አራት ስምንት ሠላሳ ሁለት ሲሞላ ዙሩ ይዘጋል፣ እርምጃውም ይቀየራል። ምቱ በአብዛኛው በሁለትና በአራት እኩል የሚከፈል ነው። የእኛ ጭክጭካ ግን ስድስት ስምንተኛ ነው፤ እያንዳንዱ ትልቅ ምት ሦስት ትናንሽ ምቶች ይይዛል። ከውጭ ቪዲዮ የተቀዳ እርምጃ አምጥቶ በሠርግ ዘፈን ላይ የሚጭን አሰልጣኝ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ትልቁን ምት ለሁለት ይከፍልና እግር ከከበሮ ይለያያል፣ ሰው እርስ በርስ ይጋጫል። የእኛው አሰልጣኝ ለእግር ትልቁን ምት ይሰጣል፣ ለትከሻ ደግሞ ሦስቱን ትናንሾች። እግር በዝግታ ይራመዳል፣ ትከሻ በላዩ ይፈጥናል። ጉልበት አይዘልም፣ ልብ ግን ይሠራል፣ ላብም ይወርዳል። ጉልበታቸው የሚያማቸው እናቶች ሙሉውን ዘፈን ሳይዘሉ የሚጨርሱት በዚህ ነው። መንዝ ያየኋቸው አክስቶች ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቁበት ምስጢር ምን እንደነበር የገባኝ ያን ዕለት ነው። ባህሉ ለመገጣጠሚያ የሚራራ እንቅስቃሴ ከጥንት ጀምሮ ይዞ ኖሯል፤ የሚያስፈልገው የሚያነብለት የተማረ ሰው ነው።

አሰልጣኛችን እርምጃው ከመቀየሩ ከአራት ምት በፊት ቀጣዩን በድምፅም በእጅም ይነግረናል። ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ፣ እኛ ቀኝ ስንሄድ እሱ በግራው ይሠራል፤ እንደ መስታወት ስለምናየው አንደናገርም። እያንዳንዱን እርምጃ ከዝላይ ጋርና ያለ ዝላይ አድርጎ ያሳያል፤ ያለ ዝላይ የምትሠራዋን ማንም ዝቅ አድርጎ እንዳያያት ራሱ ብዙ ጊዜ ያለ ዝላይ ይሠራል። በብርዱ ወራት ማሟሟቂያውን ከተለመደው አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ያረዝመዋል። መጨረሻ ላይም ድንገት አያቆመንም፤ እየቀነሰ፣ ትንፋሽ እያስተካከለ፣ ጡንቻ እያፍታታ ያወርደናል። ላብ እንደያዝን ወደ ብርዱ እንዳንወጣ ደረቅ ልብስ ይዘን እንድንመጣ ያሳስባል።

ስለ ጫማ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሶሉ መሬት የሚቆነጥጥ የሩጫ ጫማ ለዳንስ አይመችም፤ ስንዞር እግር ወለሉ ላይ ይያዝና ጠመዝማዛው ጉልበት ላይ ያርፋል። ሶሉ ብዙ የማይቆነጥጥ፣ ጎኑ የሚደግፍ ጫማ ይሻላል። ወለሉ እንጨት ወይም የላስቲክ ምንጣፍ ቢሆን መልካም ነው፤ ሲሚንቶ ከሆነ ዝላይ ይቀነስ።

ጾም ሲገባ ደግሞ የአሰልጣኙ ማስተዋል ይበልጥ ይታያል። በዐቢይ ጾም ከክፍላችን አብዛኛው ሰው እህል ውኃ ሳይቀምስ እስከ 9 ሰዓት ይቆያል። ጠዋት ተሠርቶ፣ ላብ ፈስሶ፣ ከዚያ በኋላ ሰባት ስምንት ሰዓት ያለ ውኃ መዋል አደጋ አለው። አሰልጣኛችን ክፍሉን ወደ አመሻሹ ያዛውራል፤ የጠዋቱን መተው ለማይችሉት ፍጥነቱን ቀንሶ ማፍታታትና ሚዛን መጠበቅ ላይ ያተኩራል። የረመዳን ጿሚ እህቶቻችንንም እንዲሁ ሰዓት ጠይቆ ያስተናግዳል። «ጾማችሁን ፍቱ» ወይም «ጾም ላይ አትምጡ» ያለበትን ቀን አላስታውስም።

አሁንም የሚጎድል ነገር አለ። ባሎቻቸው ወይም ራሳቸው ወንድ አሰልጣኝ ፊት መጨፈርን ስለማይወዱ የቀሩ ብዙ ሴቶች አውቃለሁ፤ ሁለቱ ጎረቤቶቼ ናቸው። ምርጫቸውን አከብራለሁ፤ ግፊትና ስኳር ግን እነሱንም አይምርም። ሴት አሰልጣኞች ያስፈልጉናል፣ የተማሩ ሴት አሰልጣኞች። የጂም ባለቤቶች የስፖርት ሳይንስ የጨረሱ ሴት ልጆችን ሥራ የሚያስገቡት ለእንግዳ መቀበያና ለገንዘብ መሰብሰቢያ ከሆነ ያ ሁሉ ትምህርት ይባክናል።

ከእኛ ጋር የምትሠራ አንዲት የስፖርት ሳይንስ ተማሪ አለች። አሰልጣኛችን መጀመሪያ ማሟሟቂያውን፣ ቀጥሎ አንድ ዘፈን፣ ባለፈው ሰሞን ደግሞ ሙሉውን ክፍል እንድትመራ ሰጣትና ራሱ ከኋላ ቆሞ ተመለከተ። ስትጨርስ ጠራት። አጠገባቸው ጫማዬን እየፈታሁ ስለነበር ሰማሁ።

«ከኋላ በግራ በኩል ያሉት እናት ቀኝ እግራቸውን እያሳረፉ ነበር፤ አይተሻል?»

«አይቻለሁ» አለችው። «ለዚያ ነው በሦስተኛው ዘፈን ዝላዩን ለሁሉም ያወጣሁት። ለብቻቸው ብነግራቸው ያፍሩ ነበር።»

ትምህርቷን ስትጨርስ የሴቶችን ክፍል እንድትይዝ ተነጋግረዋል። ለሁለቱ ጎረቤቶቼ ነግሬያቸዋለሁ።